ለድሮ መኪና ሞተር የሚስማማውን ዘይት መምረጥ፦ ከጣሳው በፊት ሞተሩን ማየት

መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ የማልጥላት አንዲት ታፔት አለች፤ ታፔት በካምሻፍቱ (ጉብታዎቹ ቫልቮቹን በሚከፍቱት ዘንግ) እና በቫልቩ መካከል የምትሠራ የብረት ቁራጭ ናት። የካምሻፍቱን ጉብታ የምትነካው ፊቷ ጠፍጣፋ፣ እንዲያውም ዓይን በማይለየው መጠን መሐሉ ከፍ ያለ መሆን ነበረበት። አሁን ግን እንደ ሻይ ማንኪያ ሰርጉዷል፤ ዳሩ ደግሞ ጥፍር የሚይዝ ስለት አውጥቷል። የወጣችው ከአንድ ወዳጄ የ1960ዎቹ ሞተር ነው። ሞተሩ ወርዶ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተቀይሮ፣ አዲስ ካምሻፍት ገብቶለት፣ መጨረሻ ላይ «ከሁሉ አዲሱና ውዱ» የተባለ ቀጭን ዘይት ተሞላለት። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ አንዱ ሲሊንደር መሥራት አቆመ። ስንከፍተው የካሙ ጉብታ ተልጦ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ቫልቩ የሚከፈተው በስሱ ብቻ ነበር። ያ ዘይት አዲስ ሞተር ውስጥ ቢገባ ግሩም ዘይት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ባለ አራት ስትሮክ የቤንዚን ሞተር ላላቸውና በግምት ከ1990 በፊት ለተሠሩ መኪኖች ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀል ባለ ሁለት ስትሮክ መኪኖች፣ እንደ ትራባንትና ዋርትቡርግ ያሉት፣ ሕጋቸው ሌላ ስለሆነ እዚህ አልነካቸውም።

ደረጃ 1፦ ሞተሩን ይወቁ

ዘይት ሻጭ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት አራት ነገር ማወቅ አለብዎት። ታፔቱ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ሮለር አለው? ፊልትሮ አለው? ዘይቱን ከካምቢዮው ጋር ይጋራል? ከዚህ በፊት ሞተሩ ወርዶ ያውቃል? ካወቀስ ምን ተቀየረለት?

የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። መኪናው የ1955 ሊሆን ይችላል፤ ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ጎበዝ መካኒክ አዲስ ፓራኦሊዮ (የዘይት መዝጊያ ጎማ)፣ ዘመናዊ ብሮንዚና (ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚዞርበት ስስ ብረት) እና ሙሉ ዘይቱን የሚያሳልፍ ፊልትሮ አስገብቶለት ከሆነ ግን ሞተሩን በ1955 መጽሐፍ ብቻ መዳኘት አይቻልም። የጥገና ወረቀት ካለ ይፈልጉ። ከሌለ የሠራውን ሰው ይጠይቁ።

ፊልትሮን በተመለከተ የድሮ ሞተሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ጨርሶ የለውም። ቮልስዋገን ቢትል ለምሳሌ 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ይይዛል፤ ያለው ማጣሪያ ደግሞ ከታች የተቀመጠ የሽቦ ወንፊት ነው፤ ጠጠር እንጂ ደቃቅ ነገር አይይዝም። ሌሎቹ ከሚዞረው ዘይት ጥቂቱን ብቻ የሚያጣራ የጎን ፊልትሮ አላቸው። ሦስተኞቹ፣ ዛሬ የለመድናቸው፣ ዘይቱ ወደ ብሮንዚና ከመድረሱ በፊት ሙሉ በሙሉ በፊልትሮ የሚያልፍባቸው ናቸው። ከዚህም ወደ ኋላ ሲሄዱ ፎርድ ሞዴል ቲ (ከ1908 እስከ 1927) የዘይት ፓምፕ እንኳ የለውም፤ ዘይቱ እየተረጨና በራሱ ክብደት እየወረደ ነው ሥራውን የሚሠራው፤ መጠኑንም የሚያውቁት ከሥር ያሉትን ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎች ከፍተው ነው።

በ1959 የወጣው ሚኒ ማርሾቹ ያሉት እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ማርሽ ጥርስ ለጥርስ ሲገናኝ ዘይቱን ይቆራርጠዋል፤ ወፍሮ የገባው ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ቀጥኖ ይገኛል። ለእንዲህ ያለው ሞተር ጠንከር ያለ 20ደብሊው-50 እና ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው።

ደረጃ 2፦ ማንዋሉን ይክፈቱ፣ በዛሬ ቋንቋም ይተርጉሙት

የዘይት ውፍረት በኤስኤኢ (የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር) ቁጥር መለካት የጀመረው በ1911 ነው። በዚያ ዘመን ማንዋል ላይ «በበጋ ኤስኤኢ 40፣ በክረምት ኤስኤኢ 20» የሚል ያገኛሉ፤ ምክንያቱም አንዱ ዘይት ሁለቱንም መሥራት አይችልም ነበር። በ1950ዎቹ ሁለት ቁጥር ያላቸው ዘይቶች ተስፋፉ። በ10ደብሊው-40 ላይ የፊተኛው ቁጥር በብርድ ሲነሳ፣ የኋለኛው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ያለውን ጠባይ ይነግራል፤ ደብሊው የሚለው ክረምትን (ዊንተር፣ የብርዱን ወቅት) ያመለክታል። ስለዚህ ማንዋሉ የሚያዝዘው ነጠላ ቁጥር ከዛሬው ጣሳ የኋለኛ ቁጥር ጋር ነው የሚወዳደረው። «ኤስኤኢ 30» ካለ 10ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-40፤ «ኤስኤኢ 40» ካለ 15ደብሊው-40፤ 50 ካለ ደግሞ 20ደብሊው-50።

ማንዋሉ ላይ ከቁጥሩ ሌላ ፊደልም አለ። የአሜሪካ የፔትሮሊየም ተቋም፣ ኤፒአይ፣ የቤንዚን ሞተር ዘይትን ደረጃ በፊደል ያወጣል። ኤስኤ ምንም ማሻሻያ ኬሚካል የሌለው ተራ ዘይት ነው፤ ተቋሙ ራሱ ከ1930 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ ሞተሮች አይሆንም ይላል። ኤስቢ ከ1951 በኋላ ለተሠሩት አይሆንም። ኤስሲ እስከ 1967፣ ኤስዲ እስከ 1971፣ ኤስኢ እስከ 1979፣ ኤስኤፍ እስከ 1988፣ ኤስጂ እስከ 1993 ለተሠሩት የተበጁ ነበሩ። ኤስፒ የመጣው በ2020፣ ኤስኪው ደግሞ በ2025 ነው። አዲሱ ፊደል አሮጌውን ይተካል ይባላል፤ በንጽሕናና ሙቀትን በመቋቋም ረገድ እውነት ነው። ጠፍጣፋ ታፔት ጋ ስንደርስ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ደረጃ 3፦ ውፍረቱን ይወስኑ

በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ 30 የተባለ ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ)፣ 40 እስከ 16.3፣ 50 እስከ 21.9 ድረስ ይወፍራል። እንግዲህ በ30 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የድሮ ሞተሮች በክራንክሻፍቱና በብሮንዚናው መካከል ያላቸው ክፍተት ከዛሬዎቹ ሰፋ ያለ ነው። 0ደብሊው-20 ሲገባበት ዘይቱ በጎን ፈስሶ ያልቃል፣ ግፊቱም ይወርዳል።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ወፍራም ይሻላል» ማለት ግን ሌላው ስህተት ነው። ሞተር በጣም የሚበላው ጠዋት ሲነሳ፣ ዘይቱ እላይ ሮከሩ (ቫልቩን የሚገፋው ክንድ) ጋ እስኪደርስ ባሉት ሰከንዶች ነው። 20ደብሊው በብርድ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ 15ደብሊው በ20፣ 10ደብሊው በ25 ዲግሪ ከዜሮ በታች። ውርጭ በሚበዛበት ቦታ ጠዋት ጠዋት የሚነዳ መኪና 20ደብሊው-50 ከያዘ ሮከሩ ለረጅም ጊዜ በደረቁ ነው የሚንኳኳው።

እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ማንዋሉ በሚያዝዘው እጀምራለሁ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ማለትም ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ፣ የዘይት ግፊቱን አያለሁ። መካኒኮች ከጥንት የሚጠቀሙበት ግምት በደቂቃ ለሚዞረው በየ1000 ዙር 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ በ3000 ዙር 30 አካባቢ ካሳየ ደኅና ነው። አምራቹ የራሱን ቁጥር ጽፎ ከሆነ ግን እሱ ይበልጣል፤ ቀድሞውኑ በዝቅተኛ ግፊት እንዲሠሩ የተነደፉ ሞተሮች አሉ። ከወረደ አንድ ደረጃ አወፍራለሁ፣ ከ10ደብሊው-40 ወደ 20ደብሊው-50። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) የሞተር ዘይት መብራት እየበራ ወፍራም ዘይት ማፈላለግ ግን ቁስልን በጨርቅ መሸፈን ነው፤ ያ ሞተር መከፈት አለበት።

ሰማያዊ ጭስም እንዲሁ ነው። ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጥቂት ወር ይቀንሰዋል፤ የተበላው ፋሻ ግን አይመለስም።

ደረጃ 4፦ ዚንክና ፎስፈረስ

የወዳጄን ካምሻፍት የበላው የእነዚህ ማነስ ነው።

ጠፍጣፋ ታፔት ቀጥ ብሎ የቆመ ቢመስልም ይሽከረከራል። የካሙ ጉብታ በጣም በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ተደርጎ ይሞረዳል፤ የታፔቱ ፊት ደግሞ እንዳልኩት መሐሉ ትንሽ ጉብ ያለ ነው። ስለዚህ ጉብታው በሚገፋው ቁጥር ታፔቱን ከመሐል ወጣ ብሎ ይነካውና ያዞረዋል። ሁልጊዜ አዲስ ቦታ ስለሚነካ አይበላም። መዞር ካቆመ ግን አንዱ ቦታ ብቻ እየተፋቀ በደቂቃዎች ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። የቫልቩ ስፕሪንግ የሚጫነው ኃይል እንዳለ የሚያርፈው እንደ መስመር በቀጠነ ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ዘይቱ ተጨምቆ ይወጣል፣ ብረትም ከብረት ይገናኛል።

በዚያች ቅጽበት የሚያድነው ዜድዲዲፒ የተባለ ዚንክ፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ኬሚካል ነው። በሙቀትና በግፊት ይፈርስና በብረቱ ላይ እንደ መስታወት ያለ ስስ ሽፋን ይሠራል። የሚፋቀው ያ ሽፋን ነው፤ ተፍቆ ሲያልቅ ዘይቱ ውስጥ ካለው ሌላ ይተካል። ዘይት ውስጥ መግባት የጀመረው በ1940ዎቹ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው ብሮንዚና እንዳይበላና ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ነበር።

ከዚያ የጭስ ማጣሪያው ካታሊስት መጣ። ሞተር የሚያቃጥለው ዘይት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ካታሊስቱን ስለሚመርዘው መጠኑ ተገደበ። በኤስጄ ጊዜ የቀጫጭን ዘይቶች ጣሪያ 0.10 በመቶ ነበር፤ በ2004 ከመጣው ኤስኤም ጀምሮ 0.08 በመቶ ሆነ። አዳዲሶቹ ሞተሮች በሮለር ስለሚሠሩ፣ ወይም የሚነካካው ክፍላቸው በዚያ መጠን ታስቦ ስለተነደፈ፣ አልተጎዱም። ካታሊስት በሌለው በእርስዎ የድሮ መኪና ውስጥ ግን ያ ቁጠባ የሚያድነው ነገር የለም።

ልብ ይበሉ፦ ገደቡ የተጣለው እንደ 5ደብሊው-30 እና 10ደብሊው-30 ባሉት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ነው። 20ደብሊው-50 ነፃ ነው፤ 10ደብሊው-40 እና 15ደብሊው-40ም ብዙ ጊዜ ከገደቡ ውጭ ናቸው። ነፃ መሆን ግን ፎስፈረስ አለበት ማለት አይደለም፤ አምራቹ ካልፈለገ አይጨምርም።

ለጠፍጣፋ ታፔት እኔ የምፈልገው ፎስፈረስ ከ0.10 እስከ 0.14 በመቶ ነው። በአንዳንድ ወረቀት ላይ ከ1000 እስከ 1400 ፒፒኤም ተብሎ ይጻፋል፤ ያው ነው። የዚንኩ ቁጥር ከፎስፈረሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሁለቱን እንዳያምታቱ። ይህን ቁጥር የሚያገኙት ጣሳው ላይ ሳይሆን አምራቹ ለየዘይቱ በሚያወጣው የቴክኒክ መግለጫ ወረቀት ላይ ነው። መግለጫ የማይሰጥ አምራች ዘይት እኔ አልገዛም።

«ከበዛ ምን አለበት?» ይሉ ይሆናል። አለበት። አለቅጥ ሲበዛ ራሱ ብረቱን ያጠቃል፣ ፊቱንም ይልጠዋል። በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን የዚንክ ማሻሻያ የሚጨምሩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ ለ5 ሊትር ዘይት ፎስፈረሱን በ0.04 በመቶ ከፍ እንዲያደርግ ተመጥኖ ከሆነ፣ ያንኑ ጠርሙስ 2.5 ሊትር በሚይዘው ቢትል ውስጥ ቢገለብጡት 0.08 ይጨምራል። ዘይቱ አስቀድሞ 0.12 ከነበረው 0.20 ደረሰ ማለት ነው። ፋብሪካው ራሱ መጥኖ የቀመመውን ዘይት መግዛት ይሻላል፤ ጠርሙሱ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ፣ ያውም በስሌት።

የናፍጣ ዘይት የሚያደርጉም አሉ። ድሮ በዚህ ረገድ ጥሩ ምርጫ ነበር፤ ሲኬ-4 የተባለው የዛሬውም ከቀጫጭኑ የቤንዚን ዘይቶች የተሻለ ፎስፈረስ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን አጣቢ ኬሚካል ይበዛበታል፣ አጣቢውም ከዚንኩ ጋር በብረቱ ላይ ቦታ ይሻማል። 15ደብሊው-40 የሚስማማው ሞተር ከሆነና መግለጫው ከ0.10 በላይ ካለ አልከለክልም። አዲስ ካምሻፍት ለሚለማመድ ሞተር ግን አልመክርም።

ታፔቶቹ መሽከርከራቸውን ማየት ይቻላል። ሞተሩ ፑሽ ሮድ (ከታፔቱ ወደ ሮከሩ የሚደርስ ዘንግ) ካለው የቫልቭ ክዳኑን ያንሱና በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ሞተሩን በሚኒሞ ያሂዱት፣ ዘይት ስለሚረጭ ጨርቅ ይያዙ። ምልክቱ ቀስ እያለ መዞር አለበት። አንዱ ቆሞ ሌሎቹ ከዞሩ ወዲያው ያጥፉ።

ደረጃ 5፦ አጣቢ ያለው ወይስ የሌለው?

ይህ ሰውን የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ነው። አጣቢ ያለበት ዘይት ጥቀርሻውን አንጠልጥሎ ይይዛል፤ ከፊልትሮው ወይም ከሚቀየረው ዘይት ጋር ይወጣል። አጣቢ የሌለው ዘይት ቆሻሻውን ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ሥር ያስቀምጠዋል። ፊልትሮ በሌለው ሞተር ላይ «ቆሻሻው ይቀመጥልኝ» ማለት ጥንት ትርጉም ነበረው።

ሞተሩ ተከፍቶ ታጥቦ ከሆነ ያለጥርጥር አጣቢ ያለውን ይጠቀሙ፤ ፊልትሮ ባይኖረውም እንኳ። ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል፤ የሚጠቁረው እየሠራ ስለሆነ ነው። አደጋው ለሠላሳ ዓመት በተራ ዘይት ሲሠራ የኖረ፣ ተከፍቶ የማያውቅ ሞተር ላይ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ይዩ። ቡናማ ቅባት ብቻ ከሆነ አይጨነቁ። እንደ ሬንጅ የረጋ ጥቁር ጭቃ ካዩ ግን ኃይለኛ አጣቢ አይጨምሩበት፤ ተላቆ የሚወርደው ጭቃ የፓምፑን ወንፊት ሊደፍን ይችላል። መጀመሪያ ኮፓውን አውርደው በእጅ ይጥረጉ። ሞተር ማጠቢያ ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ አልሞክርም።

ደረጃ 6፦ ሚኒራል ወይስ ሲንቴቲክ?

ብዙም አያከራክርም። ጥሩ ሲንቴቲክ የድሮ ሞተርን አይገድልም፤ በብርድ መነሳትና ሙቀት መቋቋም ላይም ይበልጣል። ነገር ግን የክራንክሻፍቱ መዝጊያ ከገመድ የተሠራ ከሆነ ወይም ጓርኒሲዮኑ ቡሽ ከሆነ፣ ቆሻሻ ደፍኖት የኖረውን ቀዳዳ ያጥበውና ማንጠባጠብ ይጀምራል። ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ዘይት ላይ ብዙ ገንዘብ ማውጣትም አይታየኝም። የእኔ መኪና ሚኒራል ነው የምትጠጣው።

ደረጃ 7፦ የጣሳውን ጀርባ ያንብቡ

ፊት ላይ ያለውን የመኪና ሥዕልና «ክላሲክ» የሚለውን ቃል ይለፉት። ከጀርባ የኤስኤኢ ቁጥሩንና የኤፒአይ ፊደሉን ይፈልጉ። ነዳጅ ቆጣቢ ተብሎ የተጻፈበትን ለጠፍጣፋ ታፔት ይተዉት፤ ያ ጽሑፍ ፎስፈረሱ እንደተገደበ ይነግርዎታል። ኤ3/ቢ4 የሚል የአውሮፓ ምልክት ካለው ጥሩ ነው፤ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ውፍረቱ ከ3.5 ሚሊፓስካል ሰከንድ እንዳይወርድ የተፈተነ ነው ማለት ነው። «ለውድድር» የሚለው ዚንኩ ብዙ ቢሆንም አጣቢው አነስተኛ ስለሚሆን ለዘወትር መንገድ አይመችም።

ደረጃ 8፦ ሲቀይሩ

ሞተሩን አሙቀው፣ ቡሎኑን ፈትተው ሃያ ደቂቃ ያህል ያንጠፍጥፉት። ከሚወርደው ጥቂቱን በነጭ ሳህን ይያዙና ማግኔት ያስገቡበት። ማግኔቱ ላይ የሚለጠፍ ደቃቅ ብናኝ ጥቂት ይኖራል፤ ስንጥር ወይም ቅርፊት ካለ የካምና የታፔት ነገር ነው። ማግኔት የማይስበው፣ የመዳብ መልክ ያለው ብልጭታ ከብሮንዚና ይመጣል።

ፊልትሮው ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ከመግጠምዎ በፊት ዘይት ይሙሉበት። ከዚያ የኮይሉን ሽቦ ነቅለው በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ ያዙሩት፤ አሥር አሥር ሰከንድ እያረፉ፣ ግፊት እስኪያሳይ ድረስ። ብዙ ወር የቆመ መኪና ከሆነ ይህን በፍጹም አይዝለሉት። ዓይነቱን ከለወጡ የመጀመሪያውን ዘይት ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ብቻ ነድተው ያውጡት።

አዲስ ካምሻፍት ከገባ ደግሞ ጉብታዎቹና የታፔቶቹ ፊት በካም ቅባት መቀባት አለባቸው። ሞተሩ እንደተነሳ በሚኒሞ አይተዉት። ወዲያው ከ2000 እስከ 2500 ዙር አድርሰው፣ እየለዋወጡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያሂዱት። ካሙ ዘይት የሚያገኘው በአብዛኛው ከክራንክሻፍቱ ተረጭቶ ስለሆነ፣ በዝግታ ሲዞር ይደርቅበታል። የወዳጄ ሞተር ከተነሳ በኋላ ካርቡራተሩን እናስተካክል ብለው ሩብ ሰዓት በሚኒሞ አቆይተውት ነበር። ካሙን የበላው ያ መቆየት ነው፣ ከቀጭኑ ዘይት ጋር ተደምሮ።

ደረጃ 9፦ ከተቀየረ በኋላ

ፊልትሮ የሌለው ሞተር በ5000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም በዓመት፣ ቀድሞ በመጣው ይቀየራል። ብዙ ለማይነዳ መኪና የሚቀድመው ዓመቱ ነው። አጭር አጭር ጉዞ ዘይቱ ውስጥ ውኃና አሲድ ያጠራቅማል፣ ካርቡራተር ደግሞ ቾኩ ሲሳብ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ያወርዳል። መለኪያ ዘንጉን ሲያወጡ ያሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ልኩ ሳይጨምሩበት ከፍ ካለ ዘይቱ ቀጥኗልና ይቀይሩት፤ ካርቡራተሩንና የነዳጅ ፓምፑን ሽፋንም ያስፈትሹ።

መኪናውን ለወራት ሊያቆሙት ከሆነ ዘይቱን የሚቀይሩት ከማቆምዎ በፊት ነው፤ አሲድ ያለበት ዘይት ውስጥ ብሮንዚናው ተዘፍዝፎ እንዳይከርም። እኔ ስቀይር የዘይቱን ስም፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በካርቶን ጽፌ በመሙያው ክዳን ላይ በሽቦ አስራለሁ። ከእኔ በኋላ ቦኔቱን የሚከፍት ሰው ምን እንዳለበት ሳይገምት እንዲሞላ።